የእድሩ ጡሩምባና የቀበሌው ሜጋፎን

ጉግሳ ሁለት የድምፅ ዕቃ ነበረው፤ አንድ ጡሩምባና አንድ ሜጋፎን። ጡሩምባው የእድሩ ነው፤ ከአባቱ ተቀብሎታል። ሜጋፎኑ የቀበሌው ነው፤ ፈርሞ ወስዶታል። በጡሩምባው ሰው መሞቱን ይናገራል፤ በሜጋፎኑ ደግሞ ሰው እንዳይሞት ያሳስባል። ጡሩምባውን ሲነፋ የአምቦ ታች ሰፈር ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ግልብጥ ብሎ ይወጣል። በሜጋፎኑ ሲናገር ግን ዶሮ እንኳ ከመንገዱ ዞር አይልለትም።

እንጀራው ከሁለቱም አልነበረም። በክረምት ጃንጥላ ይጠግናል፣ በበጋ ጫማ ይሰፋል፤ ተቀምጦ የሚሠራውም ከቀበሌው አጥር ሥር ነው። ሜጋፎኑም የተሰጠው እዚያ ስለሚቀመጥ ነበር። በ1998 ክረምት ድሬዳዋን ጎርፍ መታትና አገሩ ሁሉ ደነገጠ፤ የጉግሳ ቀበሌም ደነገጠና ለነዋሪው ማሳሰቢያ ይነገር ተባለ። ማን ይናገር ሲባል የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛዋ ቢሊሴ በመስኮት አየች፤ ጉግሳ የጃንጥላ ሽቦ እያቃና ነበር። በከተማው ውስጥ ድምፁን የማያውቅ የለም፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ይናገራል፣ ደግሞም ከአጥሩ ሥር አይጠፋም። ከዚህ በላይ መመዘኛ አልተጠየቀም።

ሥራው ቀላል ነው። ጠዋት ቢሊሴ የጻፈችለትን ይቀበልና መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ እየተናገረ ከላይ ሰፈር እስከ ሁሉቃ ወንዝ ዳር ይወርዳል። የውሻ ክትባት ተጀምሯል፣ ውሻችሁን አስራችሁ አምጡ። የሰፈሮች የእግር ኳስ ዋንጫ ቅዳሜ ይከፈታል፣ ኳስ ወንዝ ከገባች ማንም ተከትሎ እንዳይገባ። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ተማሪዎች የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት በነፃ ይሰጣሉ። ብርድ ነው ብላችሁ የተቀጣጠለ ከሰል አስገብታችሁ፣ በር ዘግታችሁ አትተኙ። መብረቅ ሲኖር ዛፍ ሥር አትጠለሉ። ሁሉቃ ሲደፈርስ አትሻገሩ። ሁሉም ደህና ነገር ነው።

ችግሩ ዜማው ነበር። ጉግሳ ከአባቱ የተማረው አንድ ዜማ ብቻ ነው፤ እሱም የሞት ነው። የመጀመሪያ ቀን የእግር ኳሱን ዋንጫ ሲያውጅ፣ ከየቤቱ ነጠላቸውን የዘቀዘቁ ሴቶች ወጡ። ከሁሉ ቀድማ የወጣችው የሚስቱ ታናሽ እህት ደብሪቱ ናት። ከጎጆ ከተማ የመጣ ድንች ወንዙ ዳር ካለው ቤቷ በር ላይ ዘርግታ ትሸጣለች፤ እህቷ ከጃንጥላ ጠጋኝ የተሻለ ባል ማግኘት ነበረባት ብላ ታምናለች፣ ይህንንም አትደብቅም።

«ኤኙቱ ዱኤ? ማነው የሞተው?» አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

«ማንም አልሞተም፤ ዋንጫ ነው።»

«ታዲያ ዋንጫን እንደዚህ ይሉታል? ነፍሴን አወጣኸው እኮ!»

ቢሊሴም ሰማችና በአክብሮት አማከረችው። «ኦቦ ጉግሳ፣ ትንሽ ደስ ባለው ድምፅ ቢያደርጉት?»

«ደስ ብሎኝ ነው የተናገርኩት፣ ልጄ» አላት። እውነቱን ነበር።

ሰፈሩ ለመልመድ ብዙ ጊዜ አልፈጀበትም። ጡሩምባ ከተሰማ ሥራህን ጣል፣ ውጣ፤ ያልወጣ ይቀጣል፣ ከቅጣቱም ደግሞ ሐሜቱ ይብሳል። ሜጋፎን ከተሰማ ቀበሌው ነው፣ ሥራህን ቀጥል። ይህን ማንም ተሰብስቦ አልወሰነም፤ ግን ደንብ ሆነ። ጉግሳ ማታ ቤቱ ሲገባ ሜጋፎኑን ከጡሩምባው ጎን ሚስማር ላይ ይሰቅልና ለሚስቱ ለደስታነሽ «አንድም ሰው አልሰማኝም» ይላታል። ደስታነሽም ሁልጊዜ «ነገ ይሰሙሃል» ትለዋለች፣ እራት እያቀረበች።

ይህ ቀልድ የሚመስለው ሚስጥር የምትባል የታች ሰፈር ልጅ እስክትሄድ ድረስ ነው። በዚያው ክረምት፣ ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ጠዋት ጉግሳ በነሚስጥር በር ላይ ቆሞ «ሁሉቃ ሲደፈርስ አትሻገሩ» ሲል ልጅቷ በሩን ተደግፋ ዜማውን እየቀዳች ስትስቅበት ነበር። እሱም ሳቀ። ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስትመለስ በደፈረሰው ውሃ ውስጥ ገባች፤ አልወጣችም። ጠዋት በሜጋፎን ያስጠነቀቀውን ሰፈር ከሰዓት በጡሩምባ ጠራው፤ አንድ ሰው ሳይቀር መጣለት። ጉግሳ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ጠርቶ አንድ ጊዜ አልቅሶ አያውቅም ነበር፤ ሥራ ነውና። ያን ቀን የልጅቷን ስም ሲጠራ ድምፁ ተሰበረ። ማታም «አንድም ሰው አልሰማኝም» ሲላት ደስታነሽ የምትለው ጠፋት።

ዓመቱ ዞሮ ሌላ ክረምት መጣ። አገሩ ለሚሊኒየሙ ሽር ጉድ ይላል፤ የጉግሳም ማሳሰቢያ በዛ። ችግኝ ይተከላል፣ ዶማ ያለው ዶማውን ይዞ ይውጣ። አጥር ይቀባ፣ ቦይ ይጠረግ። ሰዉም እንደ ልማዱ ሥራውን ቀጠለ።

ነሐሴ መገባደጃ ላይ አንድ ቀን ዝናቡ ፋታ ሰጠና ጠራራ ፀሐይ ወጣ። ታች ሰፈር የክረምት እድፉን ሁሉ አውጥቶ አጠበ፤ ሽቦው፣ አጥሩ፣ ቁጥቋጦው ሁሉ ልብስ ተሰጣበት። ከቀትር በኋላ ከወንጪ መንገድ አንድ አይሱዙ እያንባረቀ መጥቶ ቀበሌው በር ላይ ቆመ። ሹፌሩ ጂራ ከጋቢናው ወርዶ ቀጥታ ወደ ቢሊሴ ገባ፤ ጉግሳም ጃንጥላውን ጥሎ ተከተለው።

«ላይ ደጋው ላይ የወረደውን ዝናብ እንዲህ ነው ብዬ አልነግራችሁም» አለ ጂራ። «ሁሉቃ የእግር ድልድዩን ከነእንጨቱ ይዞት ሲሄድ ቆሜ አይቻለሁ። ግንድ ያንከባልላል፣ በሬ ያንከባልላል። እዚህ ሳይመሽ ይደርሳል።»

ቢሊሴ ወረቀት ሳበች፣ መልሳ ተወችው። «ኦቦ ጉግሳ፣ የሚነበብ የለም። ብቻ ይሩጡ።»

ጉግሳ ሮጠ። ታች ሰፈር ሲደርስ ሰዎች ጃኬታቸውን አውልቀው ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ከረምቦላው ዙሪያ ወጣቶች ተኮልኩለዋል። ወንዙ ጎድሏል፤ ከድንጋዩ በታች ነው። ጉግሳ ሜጋፎኑን አነሳና ባለው ጉልበት «ጎርፍ እየመጣ ነው! ውጡ! ወደ ላይ ውጡ!» አለ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ደጋግሞ።

«እሺ» አሉት ከረምቦላ ተጫዋቾቹ፣ ዞር ሳይሉ።

ደብሪቱ አንሶላ እየጨመቀች ቀና አለች። «ጉግሳ፣ ይህን ፀሐይ አላየኸውም? ምን ጎርፍ አመጣህብን?»

«ወንጪ ዘንቧል።»

«ወንጪ ከዘነበ የወንጪ ሰዎች ይውጡ።»

ሰዉ ሳቀ። አንዱ ማሳሰቢያው የሚሊኒየሙ ዝግጅት አካል መሆን አለመሆኑን ጠየቀ። ጉግሳ በየበሩ ዞረ፣ ለመነ፣ ተቆጣ፤ ሁሉም «እሺ ኦቦ ጉግሳ»፣ «እሺ ጋሼ» ይሉታል፣ አንዱም ከተቀመጠበት አይነሳም። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። ሜጋፎን ነው፣ ሜጋፎን ደግሞ የሚሰማው እንዲህ ነው። ጉግሳ የሚስጥር በር ጋ ሲደርስ ቆሞ ሰፈሩን አየ። ነገ እነዚህን ሁሉ በየስማቸው ሊጠራ ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚመጣለት አይኖርም።

ሜጋፎኑን እዚያው አንድ አጥር ላይ ሰቅሎ ዳገቱን ወደ ቤቱ ወጣ። ቤቱ ላይ ሰፈር ነው፤ ከቤቱ በር ሆኖ ታች ሰፈር እንዳለ ይታያል። ደስታነሽ ገበያ ነበረች። ጡሩምባውን ከሚስማሩ አወረደና ትንሽ ቆመ። የእድሩ ደንብ አጭር ነው፤ ጡሩምባ ለሞት እንጂ ለሌላ አይነፋም፣ ያለ ሞት የነፋ ይሰረዛል። አባቱ በዚህ ጡሩምባ ላይ አንድ ቀን ቀልዶ አያውቅም፣ እሱም አልቀለደም። ይዞት ወረደ።

የእድሩ ዕቃ ቤት አጠገብ፣ ከወንዙ ጥቂት ከፍ ብላ ካለችው ማዕዘን ላይ ቆሞ ነፋ። ከረምቦላው ቆመ። አንሶላው ከደብሪቱ እጅ ወደቀ። በሮች ተከፈቱ፣ ሰዉ ጆሮውን አቁሞ ስም ጠበቀ።

ጉግሳ እዚህ ላይ ነበር ያላሰበበት። ስም ያስፈልጋል። የማንን ስም ይጥራ? በሕይወት ያለ ሰው ስም በዚህ ጡሩምባ ከተጠራ ሟርት ነው፤ የተጠራው ሰው ዘር ማንዘር ዕድሜ ልኩን አይምረውም፣ እሱም ራሱን አይምርም። ደግሞ የሟቹ ቤት ላይ ሰፈር መሆን አለበት፤ አለዚያ ሰዉ አይወጣም። ጉግሳ በሐሳቡ ላይ ሰፈርን ቤት ለቤት ዞረ፤ ሊያሟርትበት የሚፈቅድለት አንድ ሰው ብቻ አገኘ።

«እድርተኛ ስማ!» አለ፣ ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ገብቶ፣ በዚያው ዜማ። «ጉግሳ አርፏል! ድንኳኑም፣ ድስቱም፣ አግዳሚውም፣ ሰዉም ወደ ላይ! ጉግሳ አርፏል! አሁኑኑ ወደ ቤቱ!»

ጠሪው ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። የእድር ጠሪ ድምፅ ባለቤት የለውም፤ ሰው የሚሰማው የሟቹን ስም ነው። «ወይኔ ጉግሳ! አሁን እዚህ ነበር እኮ!» የሚል ጩኸት ተነሳ፤ አንዲት ሴትማ «ቅድም ላብ በላብ ሆኖ ሳየው አላማረኝም ነበር» አለች። ወጣቶቹ ዕቃ ቤቱን ከፍተው ድንኳኑን ተሸከሙ፣ ሌሎቹ ድስትና አግዳሚ አነሱ። እናቶች ልጆቻቸውን አዘሉ፤ ልቅሶ ቤት ብዙ ሰዓት ያስቀምጣል፣ ልጅ ብቻውን አይተውም። ጉግሳ ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ሆኖ ሲያልፉ አያቸው። ይህን ያህል ተሰምቶ አያውቅም።

ሰፈሩ ባዶ ሲሆን በየቤቱ እየገባ ተጣራ። በአንዱ ቤት አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ ዳገቱ ስለማይሆንላቸው ቤት ይጠብቁ ብለዋቸው ነው የወጡት። ሳያስፈቅድ አነሳና አዘላቸው።

«ማነህ አንተ?» አሉት።

«ጉግሳ ነኝ፣ እማማ።»

«ጉግሳማ ሞቷል፤ አሁን ሲጠራ ሰማሁ።»

«አዎ ሞቻለሁ። አጥብቀው ይያዙኝ።»

አጥብቀው ያዙት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ «አፈሩን ያቅልልህ፣ ደግ ሰው ነበርክ» አሉት። ጉግሳ አመሰገናቸው።

ቤቱ ሲደርስ ድንኳኑ ቆሟል። ግቢው አልበቃ ብሎ ሰዉ መንገድ ላይ ፈሷል። ጉግሳ አሮጊቷን አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ከኋላ ቆመ፤ የሚያለቅስ ሰው ወደ ኋላው አያይም። ደብሪቱ መሐል ገብታ ደረቷን እየደቃች ታሞሻለች። በሕይወት እያለ ሰምቶት የማያውቀውን ሁሉ አለችለት፤ እህቷን እንደ ዓይን ብሌኑ የያዘ፣ የድሃ ጃንጥላ በነፃ የጠገነ፣ ድምፁ የሰፈር ጠባቂ። ጉግሳ ምነው ባላቆመች ብሎ ተመኘ።

በዚህ መሐል ደስታነሽ ከገበያ ደረሰች። ድንኳኑን በራፏ ላይ ስታየው ዘንቢሏ ከእጇ ወደቀ። «ማን ነው? ማን ነው የሞተብኝ?» አለች፤ ሴቶቹ ይዘዋት «እግዜር ያጥናሽ» ሲሏት መሬት ላይ ተዘረረች። ጉግሳ ሌላውን ሁሉ ችሎ ነበር፤ ይህን አልቻለም። ሰዉን እየገፋ ገብቶ «ደስታ፣ አለሁ፤ ተነሺ» አላት።

እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንዳደረጉ የቀሩ ነበሩ። ደብሪቱ ያሞሸችውን እንዴት እንደምትመልሰው ግራ ገብቷት አፏን ከፍታ ቆመች። የእድሩ ዳኛ ኦቦ ሞቱማ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው በጉግሳ እጅ ያለውን ጡሩምባ አዩ። ፊታቸው ጠቆረ። ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ ከታች ድምፅ መጣ።

ሰዉ ወደ አጥሩ ዞረ። ሁሉቃ አልነበረም፤ ቡናማ ግድግዳ ነበር የሚሄደው። ከረምቦላውን ሲያነሳው አዩ። የደብሪቱን ድንች፣ አንሶላዋን፣ ከዚያ ራሱን ቤቷን ሲወስደው አዩ። የእድሩ ዕቃ ቤት ትንሽ ተንገዳግዶ ሄደ። እናቶች ልጆቻቸውን በዓይናቸው ፈለጉ፣ በእጃቸውም ነኩ። ፀሐዩ አሁንም እንደወጣ ነው። ለልቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ልቅሶው ጠፍቶበት ቆመ።

በዚያ መሐል ደስታነሽ ከመሬት ተነሳች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ባሏን ትከሻው ላይ ደህና አድርጋ መታችው። ከዚያ አቅፋው አለቀሰች።

እድሩ በቀጣዩ እሑድ ተሰበሰበ። ኦቦ ሞቱማ ደንቡን አነበቡ፤ ያለ ሞት የነፋ ይሰረዛል። ጉባኤው አጉረመረመ። አንዱ ተነስቶ ጉግሳ ሞቷል ተብሎ ድንኳን እንደተተከለለት፣ የሞተን ሰው መሰረዝ ደግሞ በደንቡ ውስጥ እንደሌለ አስረዳ። ሌላው እንዲያውስ አገልግሎቱን ስለወሰደ ዳግመኛ ሲሞት ድንኳን ይገባዋል ወይ ብሎ ጠየቀ። በዚህ ላይ ረጅም ክርክር ተደረገ። በመጨረሻ ለአንድ ሰው እውነተኛ ሞቱ ብቻ እንዲቆጠርለት ተስማሙና ከመሰረዝ ዳነ።

«ጉግሳ» አሉ ኦቦ ሞቱማ፣ «የልጅ ልጆቼ ታች ሰፈር ነበሩ። ዛሬ ያሉት ባንተ ነው። እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝመው።» ዓይናቸውን ጠረጉ። «አሁን ጡሩምባውን አስረክብ።»

«ኦቦ ሞቱማ...»

«ነገ ስትነፋ የምር ይሁን የጎርፍ በምን እናውቃለን? ሰው የሞተበት ቤት ጥርጣሬ አይገባውም።»

ኦቦ ሞቱማ ትክክል ነበሩ። ጉግሳ የአባቱን ጡሩምባ በሁለት እጁ አስረከበ። ከሁሉም የከበደው ይህ ነበር፤ ቤቱ ሲገባ ባዶውን ሚስማር ላለማየት ለብዙ ጊዜ ፊቱን አዙሮ ይቀመጥ ነበር። ጡሩምባው ናትናኤል ለሚባል ጎልማሳ አናጢ ተሰጠ። ለጉግሳ ቀበሌው አዲስ ሜጋፎን ገዛለት፤ አሮጌውን ወንዙ ወስዶታልና።

ታች ሰፈርም ውሃው ሲጎድል ተመልሶ እዚያው ሠራ፤ ሌላ የት ይሂድ? ለአንድ ክረምት ሰዉ ሜጋፎኑን በደንብ ሰማ፤ እንዲያውም የውሻ ክትባት ሲታወጅ ውሻቸውን ይዘው ዳገቱን የወጡ ነበሩ። በሚቀጥለው ክረምት ግማሹ ሰማ። ከዚያ ወዲያ እንደ ድሮው ሆነ። ደብሪቱ ብቻ ጉግሳ ሲያልፍ «ሟቹ መጣ» እያለች ድንች በእጁ ታስይዘዋለች። ጉግሳም ማታ ሜጋፎኑን ይሰቅላል፣ «አንድም ሰው አልሰማኝም» ይላል፣ ደስታነሽም «ነገ ይሰሙሃል» ትላለች።

በ2005፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ጉግሳ ጫማ ሲሰፋ ደረቱን አመመው፤ ሌሊቱን ተኝቶ ሳይነሳ ቀረ። በጋ ነው። ሁሉቃ ደርቆ ዶሮዎች በድንጋዩ ላይ ይሻገራሉ። ናትናኤል ማለዳ ማዕዘኑ ላይ ቆሞ ነፋና «ጉግሳ አርፏል» አለ።

ደብሪቱ ከቤቷ ወጣች። ወንዙን አየች፣ ወደ ናትናኤል አየች፣ ተመልሳ ገባች። ስትወጣ ፍራሿን ተሸክማለች።

«አዴ ደብሪቱ፣ በጋ እኮ ነው፤ የምር ነው የሞተው» አላት ጎረቤቷ።

«አውቃለሁ» አለች እንባዋ እየወረደ። «እሱ ሲጠራ ግን የሚወጣው እንዲህ ነው።»

ጎረቤቷ ትንሽ አሰበና ፍራሹን ሊያመጣ ገባ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ልጆች ታዘሉ፣ በግ ተጎተተ፣ የእድሩ ድስት ወጣ፤ ቤት የሚጠብቅ ሰው እንኳ አላስቀሩም። ታች ሰፈር በጠራራ ፀሐይ፣ በደረቅ ወንዝ ዳር፣ ዕቃውን ተሸክሞ ዳገቱን ወጣ።

ደስታነሽ ነጠላዋን ዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆማ ሲመጡ አየቻቸው። ፍራሹን አየች፣ በጉን አየች፣ ከኋላቸው ባዶውን ሰፈር አየች። ከዚያ ሰዉን ሳትቀበል ወደ ውስጥ ተመለሰችና ከተገነዘው ባሏ አጠገብ ተንበረከከች።

«ጉግሳ» አለችው። «ሰምተውሃል። አንድም ሰው አልቀረም።»